ሁለተኛው መጋረጃ

ሰኞ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ፣ ሐዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከሁለት መጋረጃ አንዱ ተሰቅሎ ነበር። ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ቀለበቶቹ ገብተውለታል፤ የቀረው ዘንጉ ላይ መውጣት ብቻ ነበር። ይሰቅል የነበረው ወንድሜ አምሳሉ ገብረየስ ከወንበሩ ወርዶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ሚስቱን ዮርዳኖስን ውሃ ጠየቃት። ውሃው ሲመጣ አልጠጣውም። አርባ ስድስት ዓመቱ ነበር።

በቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መዝገብ ቤት ስለምሠራ ቤተሰባችን ውስጥ ሰው ሲሞት ወረቀቱ ወደ እኔ ይመጣል። የልደት ዓመቱ፣ የአባታችንና የእናታችን ስም፣ ያገባበት ዘመን ሁሉም ትክክል ነው። “ባደረበት ድንገተኛ ሕመም” የሚለውም ሐሰት አይደለም። ዮርዳኖስ ግን ሳልጀምር አንድ ነገር አስጠንቅቃኝ ነበር።

“ሲጋራውን እንዳታነሺው። አቁሞ ነበር።”

አላነሳሁትም። አቁሞም ነበር። ነገር ግን እንዴት እንዳቆመ የማይናገር ወረቀት ለልጁ ለሮዳስ አይበቃትም። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ስታድግ ትጠይቃለች። ይህን የምጽፈው ለዚያ ቀን ነው።

አምሳሉ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ሥራውን የተማረው በአሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሲጋራውንም በዚያው ዓመት፣ ከዚያው ቤት። ጭንቀቱ ከሲጋራው በፊት ይሁን በኋላ የመጣ እሱም አያውቅም፤ እኔም ማረጋገጥ አልቻልኩም። ሱቁን ቆልፎ ከወጣ በኋላ መንገድ ጀምሮ ይመለሳል፣ ቁልፉን ነካክቶ ይሄዳል፣ እንደገና ይመለሳል። ደንበኛ ሳይስቅ ከወጣ “ምን አስቀየምኩት?” እያለ ቀኑን ሙሉ ያብሰለስላል። አንዳንድ ቀን ያለ ምክንያት ልቡ ይመታል፣ እጁ ይቀዘቅዛል፣ አሁን ልሞት ነው ብሎ ያምናል። ያኔ ወደ ጓሮ ይወጣና ያጨሳል። ሲመለስ ምላጭ የሚይዘው እጁ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለዚህ ነው ሲጋራ ለሥራዬ ያስፈልገኛል ይል የነበረው፤ ለሠላሳ ዓመት ደግሞ ማንም አልተከራከረውም።

ጥር ላይ ሮዳስ አስሟ ተነሳባትና ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ ወረቀቱን እየሞላ፣ “ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?” ብሎ ጠየቀ። አምሳሉ ወለሉን አየ። ዮርዳኖስ አምሳሉን አየች። ልጅቷ የኦክስጂኑን ጭንብል በእጇ ገለጥ አድርጋ፣

“አባቢ ውጪ ነው የሚያጨሰው” አለች።

ለአባቷ መከራከሯ ነበር። ሐኪሙ አልተቆጣም። ጭሱ በልብስ፣ በፀጉር፣ በመጋረጃ ተከትሎ እንደሚገባ ነገራቸውና ሄደ። አምሳሉ በኋላ ለእኔ፣ “ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ስትሸፍንልኝ ነው የሞትኩት” ብሎኛል።

ከሆስፒታል ስትወጣ ሮዳስ ቱላ፣ የእናቷ እናት ዘንድ ተላከች፤ ትምህርቷንም እዚያው ቀጠለች። ስምምነቱ ግልጽ ነበር። አባቷ ሲጋራውን ከተወ፣ አራተኛ ክፍልን በመስከረም ከእናትና ከአባቷ ቤት ሆና ትጀምራለች። ካልተወ ቱላ ትቀራለች። ስምምነቱን ያወጣችው ዮርዳኖስ ናት፤ አምሳሉ “ልክ ነሽ” ብቻ አለ።

ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቱ ስለሚዘጋ ቱላ ይሄድ ነበር። ገላውን ይታጠባል። ለቱላ ብቻ የሚለብሳት አንዲት ሸሚዝ ነበረችው፤ ቤት ካስቀመጣት ጭስ ትሸታለች ብሎ ከፀጉር ቤቱ ጎን ባለው በሙክታር ጫማ መሸጫ ውስጥ አደራ ሰጥቷታል። እዚያው ቀይሮ ባጃጅ ይሳፈራል። ከደረሰ በኋላ ከልጁ ራቅ ብሎ አግዳሚው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

“አባቢ፣ ጫማ ጫማ ትሸታለህ” ትለዋለች።

ጫማ መሽተቱ ደስ ይለው ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ቡሹሎ በኩል ወዳለው ጤና ጣቢያ ሄደ። የአእምሮ ጤና ነርሷ ሲስተር ሶፍያ ከሱ በብዙ ታንሳለች፤ እሱ ግን ስለ እሷ ሲያወራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። “ሁለት ነገር ነው ያለብዎት” ብላዋለች። “አንዱን ብቻ ካከምን ሌላው ይመልሰዋል። ሲጋራው ያረጋጋዎት ይመስልዎታል እንጂ የሚያበርደው ራሱ የለኮሰውን ነው።” ለጭንቀቱ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘዘችለት። ለሲጋራው ደግሞ ጠዋት ጠዋት ክንድ ላይ የሚለጠፍ የኒኮቲን ፕላስተር፣ አምሮት ድንገት ሲመጣ የሚታኘክ የኒኮቲን ማስቲካ። ፕላስተሩ ሐዋሳ ስላልተገኘ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁለት እኔ ነኝ።

ማስቲካውን ነከስ አድርጎ ጉንጩ ሥር ማሳረፍ እንዳለበት ነግራው ነበር። እሱ እንደ ሱቅ ማስቲካ አኘከውና ስቅታ ያዘው። ሙክታር ከደጅ ሆኖ፣ “አምሴ፣ ዶሮ ከነነፍሷ ዋጥክ እንዴ?” እያለ ሲያላግጥበት ዋለ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። መቀስ በእጁ እንደያዘ ልቡ መምታት ይጀምራል። ሲስተር ሶፍያ እንዳስተማረችው፣ “አንዴ ይቅርታ” ብሎ በሩ ላይ ይቆምና መቃኑን ይዞ አየሩን ቀስ ብሎ ያስወጣል። ደንበኞቹ ለመዱት። ግማሽ ጭንቅላቱ ተላጭቶ ፎጣ እንዳጠለቀ ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ማየት ብርቅ አልነበረም። ሰኔን ያለ ሲጋራ ጨረሰ፤ ሐምሌንም እንዲሁ። ከትልቁ ፕላስተር ወደ መካከለኛው ወረደ። ቱላ ሲሄድ ከአግዳሚው ጫፍ ወደ መሀል ተጠጋ።

ቀጥሎ ያለውን ከሁለት ሰው ሰምቼዋለሁ፤ የሚለያዩት በጥቂት ቃል ነው።

ፍልሰታ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ፣ ጡረተኛው መምህር ጋሽ ሽበሺ ጺማቸውን ለመላጨት ወንበሩ ላይ ነበሩ። ሁለት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ፤ ሙክታር እንደ ልማዱ መቃኑን ተደግፏል። ሞቆት ስለነበር አምሳሉ እጅጌውን ሰብስቧል።

“ክንድህ ላይ የለጠፍከው ምንድን ነው? ተወጋህ?” አሉ ጋሽ ሽበሺ።

“ሲጋራ ማቆሚያ ነው ጋሼ።”

“እንዴት አድርጎ ነው የሚያቆመው?”

“ኒኮቲኑን በቆዳ በኩል በጥቂቱ ይሰጣል። ከዚያ እየቀነሱ መተው ነው።”

ጋሽ ሽበሺ አረፋ በተቀባ ፊታቸው በመስታወቱ ውስጥ ተራ ጠባቂዎቹን አዩ። ሰው ማሳቅ ይወዳሉ።

“እንግዲህ ሰው በአፉ ሲያጨስ አይተናል፣ በአፍንጫውም ሲያወጣ አይተናል። በክንዱ የሚያጨስ ግን ዛሬ አየን!”

ሁሉም ሳቁ።

“ተዉት ጋሼ፣ ቢያንስ አመድ የለውም” አለ ሙክታር።

“ቆይ፣ ቆይ። ሐሙስ ፍልሰታ ሲገባስ? አምሳሉ ሊጾም፣ ክንዱ ሲያጨስ ሊውል ነው? ሙክታር፣ በእናንተስ ይህ እንዴት ነው?”

“እኛ በረመዳን ግራ ሲገባን ሼኹን እንጠይቃለን። እናንተም ቄሱን ጠይቁ። ፀጉር ቤት ፈትዋ አይሰጥም።”

እንደገና ሳቁ። አምሳሉም አብሮ ሳቀ፤ በዚህ የነገሩኝ ሙክታርና ጋሽ ሽበሺ ሁለቱም ይስማማሉ። ጺማቸውን ላጭቶ ጨረሰ፣ አልኮል ቀባ፣ ፎጣውን አራገፈ።

ሐሙስ ነሐሴ 1 ጠዋት ፕላስተሩን አልለጠፈም። ማስቲካውንም መሳቢያ ውስጥ ዘጋበት። ለዮርዳኖስ አልነገራትም፤ ለሲስተር ሶፍያ አልደወለም። ሙክታር ጠይቁ ያለውን ቄስም አልጠየቀም። ጋሽ ሽበሺ የቀለዱት ቀልድ እሱ ሲፈራው የኖረው ነገር ነበር። እስከዚያ ቀን ያቆመ የመሰለው ማጭበርበር እንደሆነ፣ ሲጋራውን ከአፉ አንስቶ እጅጌው ሥር እንደደበቀው አድርጎ ቆጠረው። ሰው ሁሉ አቆመ እያለ ሲያመሰግነው እያፈረ ነበር የሚቀበለው። ጾም ደግሞ ከእግዚአብሔር ፊት የሚደበቅበት ጊዜ አይደለም።

ቅዳሜ ገበያው ደራ። እጁ ጠዋት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሙክታርን ሲላጭ ከጆሮው ሥር ቆረጠው።

“አምሴ! በግ መሰልኩህ እንዴ?” አለ ሙክታር፣ በሶፍት እየጠረገ፤ ለማሳቅ ነበር። አምሳሉ ግን ምላጩን አስቀመጠና በጓሮ በር ወጣ። ጥግ ላይ ሲጋራ በነጠላ የምትሸጠው ሴት ሳይናገር የድሮውን አወጣችለት። ሁለት አጨሰ። ተመልሶ የሙክታርን ጺም ሲጨርስ እጁ ቀጥ ብሎ ነበር። ሙክታር ሽታውን ሰምቷል፤ ምንም አላለም። ዝም ማለቱን አሁን እንደ በደል ያወራዋል።

ሰኞ ነሐሴ 5 አምሳሉ ቱላ ሳይሄድ ቀረ። ሸሚዟ ሙክታር ሱቅ ውስጥ እንደተንጠለጠለች ዋለች። አያትየዋ ከሰዓት በኋላ ሲደውሉ፣ “ሥራ በዝቶ ነው” አላቸው፤ ሰኞ ፀጉር ቤቱ እንደማይከፈት እያወቁ ለሮዳስ ያንኑ ነገሯት። ሮዳስ ከጠዋት ጀምራ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ተቀምጣ ነበር። ማታ ጫማዋን ያወለቁላት አያቷ ናቸው።

ረቡዕ የንስሐ አባቱ መምሬ ፍቅርተማርያም የንስሐ ልጆቻቸውን ሲጎበኙ ቤቱ ደረሱ። ዮርዳኖስ ወደ ማዕድ ቤት ወጣችላቸው። የተባባሉትን አምሳሉ በዚያው ዕለት ራሱ ነግሯታል፤ እኔም ከእሷ ነው ያገኘሁት።

“አባቴ፣ ጾሙን ገደፍኩ።”

“በምን?”

“በሲጋራ። ከዚያ በፊት ደግሞ… በክንዴ።”

“በክንድህ ምን በላህ?”

ሁሉንም ነገራቸው። ስለ ሮዳስ ጫማም ነገራቸው። መምሬ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው ሰሙት።

“ፕላስተሩን አንሳ ያልኩህ እኔ ነኝ?”

“አይደሉም።”

“ሐኪሟ ናት?”

“አይደለችም።”

“ታዲያ ማነው?”

“ጋሽ ሽበሺ በቀልድ…”

“ሽበሺ ደግሞ መቼ ቀሰሰ?”

አምሳሉ እዚህ ላይ መሳቅም ማልቀስም እንደመጣበት ለዮርዳኖስ ነግሯታል።

“አንካሳ ጾም ገባ ብሎ ምርኩዙን ይጥላል?” አሉ መምሬ። “መድኃኒት ነው። ቀድመህ ብትጠይቀኝ አንድ ቃል ነበር።”

“ቀኖና ይስጡኝ አባቴ። ስግደት ያብዙብኝ።”

“ስግደት አልሰጥህም። ሰግደህ ትጨርስና ይቀልልሃል፤ አንተ ደግሞ የምትፈልገው እሱን ነው። ጠዋት ተነሥተህ፣ ጸልየህ፣ ፕላስተሩን ትለጥፋለህ። ቀኖናህ እሱ ነው። ሰኞ ደግሞ ሄደህ ለልጅቷ እውነቱን ትነግራታለህ።”

“ልጅ ናት እኮ አባቴ። ምን ብዬ?”

“ጫማ አድርጋ የጠበቀችህ እሷ ናት። ለእኔ የነገርከኝን ትነግራታለህ።”

በዚያው ቀን ለሲስተር ሶፍያ ደወለ። ቁጣ ጠብቆ ነበር። “ብዙ ሰው ይወድቃል። ነገ ጠዋት መካከለኛውን ይለጥፉ፣ ክኒኑን እንዳያቋርጡ፣ ዓርብ ይምጡ” ብቻ አለችው። በማግስቱ ለጠፈው። ዮርዳኖስ ያን ጠዋት ክንዱ ላይ በመዳፉ ተጭኖት ቆሞ እንዳየችው ትናገራለች፤ ሰው ቁስል እንደሚይዝ።

ሰኞ ነሐሴ 12 ቱላ ሄደ። እንደ ድሮው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አያትየዋ ደጃፉ ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር፤ የሰሙት እሳቸው ናቸው።

“ሮዲ፣ ባለፈው ሰኞ ሥራ አልነበረኝም። አጭሼ ነበር። አፍሬ ነው የቀረሁት።”



“አያቴ ሥራ በዛበት ብላኝ ነበር።”

“የዋሸሁት እኔ ነኝ። አያትሽ አይደሉም።”

“አሁንስ?”

“ከረቡዕ ወዲህ አላጨስኩም።”

ተነሥታ መጣችና እጁን አነሳች። ጣቶቹን፣ የእጅጌውን ጫፍ፣ ኮሌታውን እየተዘዋወረች አሸተተች። እሱ ትንፋሹን ይዞ ጠበቃት።

“ጫማ ጫማ ትሸታለህ” አለች በመጨረሻ። ከዚያም ጎኑ ተቀመጠች። “መጋረጃውስ?”

“የቱ መጋረጃ?”

“የመኝታ ቤቱ። እሱም እኮ ያጨስ ነበር።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን ማጠብ ያዘ። ከሥራ መልስ ግድግዳውን በሳሙና አሸ፣ ቀለም ቀባ፣ ፍራሹን ፀሐይ ብልጭ ባለ ቁጥር አወጣ፤ ነሐሴ ነውና ዝናብ ሲመጣ እየሮጠ ያስገባል። ዮርዳኖስ “ተው እረፍ፣ ልጅቷ እንጂ ንግሥት አይደለችም የምትመጣው” ስትለው ይስቅና ይቀጥላል። ደረቱን አንዳንዴ ይይዘው ነበር። እሷም እሱም ጭንቀቱ ነው አሉ፤ ሠላሳ ዓመት የደረቱን ነገር ሁሉ ጭንቀት ሲሉት ስለኖሩ። እኔም አንድ ቀን ቤት ስሄድ መሰላሉ ላይ ሆኖ ደረቱን ሲያሽ አይቼ፣ “ክኒንህን ወሰድክ?” ብዬ ጠይቄዋለሁ። ሌላ ነገር አልጠየቅኩትም።

ሮዳስ የምትመለሰው ሰኞ ነሐሴ 26 ከሰዓት በኋላ እንዲሆን ተስማሙ። እሱ ሄዶ ሊያመጣት ነበር።

ድንኳኑ የተተከለው በዚያው ከሰዓት ነው። ሮዳስም በዚያው ከሰዓት መጣች፤ ያመጣት ግን ሙክታር ነበር። ጫማዋን አድርጋ እየጠበቀች ነበር ያገኛት።

አስከሬኑን ከገነዙት መካከል ጋሽ ሽበሺ ነበሩ። ከጓዳው ወጥተው ዮርዳኖስ ፊት ቆሙ። እኔም ከጎኗ ነበርኩ።

“ልጄ፣ ክንዱ ላይ ፕላስተሩ አለ” አሉ። “ይነሳ ወይ?”

“ይተዉለት” አለች።

ጋሽ ሽበሺ ወዲያው አልተመለሱም። “እኔ እኮ ለሳቅ ነው” አሉ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት የድንኳኑ በር ላይ ቆመው፣ ሲጋራ የሚያወጣውን ሁሉ እጁን ይዘው ከግቢው ሲያስወጡ ነበር። አንድ ሰው፣ “ለቅሶ ላይ ሰው ይከለከላል እንዴ ጋሼ?” ሲላቸው፣ “ልጅ አለች” አሉት። በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሳስ ሲል፣ ጫማቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ወጡና ሁለተኛውን መጋረጃ ሰቀሉት። ያዘዛቸው ሰው የለም። ሮዳስ ከታች ሆና ታያቸው ነበር። ሲወርዱ ጨርቁን ይዛ አሸተተችውና ለቀቀችው።

ሲስተር ሶፍያ ለቅሶ ስትደርስ ዮርዳኖስ አፍ አውጥታ ያልጠየቀችውን እኔ ጠየቅኳት፤ ፕላስተሩን ያስመጣሁት እኔ ነኝና።

“ፕላስተሩ አይደለም” አለችኝ። “ልቡ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ ተጎድቶ ነበር። እሱም እኛም የደረቱን ሕመም ለጭንቀቱ ሰጠነው። መመርመር ነበረብን።” እኛ ያለችው ራሷን ጨምራ ነው። ተከራክሬ ላቀልልላት እችል ነበር፤ አላደረግኩትም።

ሮዳስ መስከረም ላይ አራተኛ ክፍልን እዚሁ ጀምራለች። የምትተኛው በመስኮቱ በኩል ነው።

የቀረኝ የሰኞው ጠዋት ነው። ያን ጠዋት ያየችው መጋረጃዎቹን ያጠበችው የላውንደሪ ባለቤት ኡሙልኸይር ናት፤ የምጽፈውም እሷ እንደነገረችኝ ነው። ቅዳሜ መጋረጃዎቹን ሲሰጣት ሽቶ ያለው ሳሙና እንዳትነካባቸው ለምኗት ነበር፤ ለልጁ ደረት አይስማማም ብሎ። ሰኞ ሱቋን ስትከፍት ደጃፏ ላይ ቆሞ አገኘችው። ዝናብ ያካፋል፤ ጃኬቱ ረጥቧል። መጋረጃዎቹን ስትሰጠው ቆሞ ፊቱን ጨርቁ ውስጥ ቀበረ።

“ምን ታሸታለህ? ሽቶ እንዳታደርጊ ያልከኝ አንተ!” አለችው።

“ምንም አይሸትም” አላት።

“እና ምን ፈለግህ?”

“እሱኑ።”

ሂሳቡን ከፈለና ዝናቡ እንዳይነካቸው ከጃኬቱ ሥር ሊይዛቸው ሞከረ፤ ጃኬቱ አልበቃም። በትልቅ ፌስታል ጠቀለለችለት። አንድ ባጃጅ ቆሞለት ነበር፤ ውስጡ ያለው ተሳፋሪ እያጨሰ ስለነበር በእጁ “እለፍ” አለው። መጋረጃዎቹን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በእግሩ፣ በአስፋልቱ ዳር ወደ ቤቱ ሄደ። ሳይረጥቡ አድርሷቸዋል።